ሐጂ ኑሩ የፈቱት ማርሽ

ማርሽ በበዛ ቁጥር ብስክሌት ይቀላል ይባላል። አይቀልም። የሚበዛው የሚበላሸው ነገር ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ባለፈው ሳምንት ያሳፈርኩት ራሴን። የእህቴ ልጅ ብስክሌት ልትገዛ ፈልጋ አንድ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ባለሱቁ ርካሹን፣ ማርሽ የሌለውን፣ እንድትወስድ መከራት። እኔም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ይሄ ሰውዬ የደበቀው ነገር አለ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አሰብ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ለሙከራ ተቀጥሬ፣ የሠራተኛ መኪና በማይደርስበት ሰፈር እኖር ስለነበር ሁለት ጊዜ አርፍጃለሁ። የፈረቃ አለቃዬ አቶ ደምሴ፣ «በሦስተኛው ሻንጣህን ይዘህ ና፤ ከበሩ ትመለሳለህ» ብለውኛል። ስለዚህ ብስክሌት ግድ ሆነ።

ብስክሌት የሚሸጡትም የሚጠግኑትም ሐጂ ኑሩ ነበሩ፤ ከወሎ ወርደው አሰብ የቀሩ ሰው። ሁለት ብስክሌት አወጡልኝ።

«ማርሽ የሌላትን ውሰድ፣ ልጄ። እዚህ አገር ዳገት የለም።»

«ነፋሱስ ሐጂ?»

«ትለምደዋለህ። ጨውና አሸዋው ግን ማርሽ አያተርፍም።»

ርካሹን ውሰድ የሚል ነጋዴ የት አገር ታይቶ ያውቃል? በዚያ ዕድሜዬ ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ የቀሰምኩት ሰው አለማመንን ነበር። ደህናውን ለዘመዳቸው ሊያስቀሩ ነው ብዬ ባለማርሹን ገዛሁ። ደግሞስ የእንጦጦ ሥር ልጅ ነኝ፤ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ በተኛ አገር ውስጥ ሆኜ እንኳ የሚያስጨንቀኝ ዳገት ነበር።

የማጣሪያ ሰው በዘይት ያምናል። የሚንጫረር ነገር ሁሉ ዘይት የጠማው ይመስለን ነበር፤ የበር ማጠፊያ፣ ማራገቢያ፣ አልጋ ሳይቀር። እኔም ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ማርሹን እስኪያንጠባጥብ አጠጣዋለሁ። አንድ ቀን ሐጂ በብስክሌታቸው በደጄ ሲያልፉ አዩኝ።

«ላ ሐውለ! ኧረ ጥረገው አንተ ልጅ! ዘይቱ እኮ አሸዋውን ነው የሚይዝልህ።»

የሳቸው ሰንሰለት በጨርቅ የተወለወለ ደረቅ ብረት ነበር። ንፉግ ናቸው አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ቶሎ እንዲበላሽና ወደ ጥገናቸው እንድመለስ ነው አልኩ። ሁለቱ ሐሳቦች እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ ልብ አላልኩም።

ሐምሌ ላይ አሸዋ የተሸከመው ትኩስ ነፋስ መንገዱን ሲውጠው፣ ለከሰዓቱ ፈረቃ ስገሠግሥ ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። በጥርሶቹ መካከል የተቦካው ጥቁር ጭቃ በጣት አልወጣ አለ። ብስክሌቱን ተሸክሜ ስሮጥ ሐጂ ከኋላዬ ደረሱ፤ ራሔይታ ከሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣ ደረቅ ዓሣ ከኋላ ጭነዋል።

«ምን ሆነች?»

«ተያዘች።»

«በል የኔን ያዝ።»

«ለምን?» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ለምን አልኩ።

«ሥራህ ነዋ! ዓሣዬን ብቻ አውርድልኝ።»

ነፋሱን በግንባሬ እየገፋሁ፣ ምን ፈልገው ይሆን እያልኩ ደረስኩ። አቶ ደምሴ በሩ ላይ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሻንጣህስ?»

«ቤት ነው።»

«ግባ።»

በማግስቱ ብስክሌታቸውን ልመልስ ስሄድ የኔው ደጃፋቸው ላይ ቆሟል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ማርሹ ሁሉ ወልቆ፣ ሰንሰለቱ አጥሮ በአንድ ጥርሳም ክብ ላይ ተገጥሞ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምስጋና አልነበረም።

«የፈቱት ዕቃስ የት አለ?»

ሐጂ አዩኝ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ የወተት ቆርቆሮ አወጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«ቁጠረው።»

ሻይ የሚጠጡ ሰዎች እያዩኝ ቁጭ ብዬ ቡሎን በቡሎን ቆጠርኩ። ስንት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ በየቀኑ ዘይት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ጨርሼ ቆርቆሮውን አንሥቼ ሄድኩ፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ሰላም ስላቸው ይመልሱልኝ ነበር፤ «ልጄ» ግን ብለውኝ አያውቁም።

በዚያ ብስክሌት አሰብን እስክለቅ ድረስ አላረፈድኩም፤ ሥራውም ጸናልኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ሹክሹክታዬን ሰምታ ባለማርሹን ገዛች።

ከሐጂ ኑሩ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች አንዱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩልኝ፤ ዕቃው ሙሉ ነበር።