የጥያቄ ወረቀቱና መርዶው

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፕሲኾሎግያ፣ ማለት ሥነ ልቦና፣ እማራለሁ ስትል፣ ነርስነት ይሻልሻል ብያት ነበር። ነርስ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ሥራዋ ይታያል። የእሷ ትምህርት ግን ደጋግማ ብታስረዳኝም አልገባኝም። «የሰው ሐሳብና ጭንቀት ነው የምናጠናው» ትላለች። «ጭንቀትማ እዚሁ ቤት ሞልቶ የለም እንዴ? ለእሱ ብለሽ ነው ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የምትጠብቂው?» እላታለሁ። ትስቃለች እንጂ አትተወውም። በግትርነት የወጣችው እኔን ነው።

ጊዜው ከአዲስ አበባ ያ ሁሉ የቤተ እስራኤል ሰው በአውሮፕላን እስራኤል ከመጣ በኋላ ያለው የዝናብ ወራት ነው። እኛ በሱዳን በኩል ቀድመን ስለገባን የባሕር ዳሯን ከተማ አሽቀሎንን ለምደናታል። እኔ የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበርኩ። ልጄ አንድ ቀን ከመምህሯ ዘንድ የጥያቄ ወረቀት ተሸክማ መጣች። በሰፈራችን ያሉ ትልልቅ ሰዎች እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ፣ ያለቅሱ እንደሆነ፣ እህል ይበሉ እንደሆነ እየጠየቀች እንድትሞላ ታዝዛለች። ጥናቱ የመምህሯ ነው። በደንብ ከሠራች ግን በሚቀጥለው ዓመት የራሷን እንድታጠና ይፈቅድላታል።

«አባባ፣ አንተ ካልመጣህ በር አይከፍቱልኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይዣት ዞርኩ።

መጀመሪያ የገባነው አንድ የማውቀው ሽማግሌ ቤት ነው።

«እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አለችው።

«ተመስገን።»

«የሚያስጨንቅ ሕልም ያያሉ?»

«ተመስገን ነው ልጄ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። አባቴ፣ አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

«ተመስገን አልኩሽ እኮ!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ኧረ ይህችን ልጅ ጆሮዋን አሳክማት!»

ይኸው ሰው ጠዋት ጠዋት የምጠብቀው በር ላይ መጥቶ እንቅልፍ አጣሁ እያለ የሚያማርረኝ ነው። ሌሎቹም ቤት ያው ነው። ሁሉም ተመስገን። መምህሯ ወረቀቱን አይቶ፣ እንዲህ ከሆነ የእናንተ ሰው በሙሉ ጤነኛ ነው ብሎ ሳቀባት። ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«ሰው ጓዳውን ለልጅ አይከፍትም» አልኳት።

«ታዲያ ለማን ነው የሚከፍተው?»



የዚያን ጊዜ እኔ ራሴ አንድ ነገር ይዤ መቀመጫ አጥቼ ነበር። ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት አንዲት የአገሬ ልጅ ትኖራለች፤ ባሏ ሱዳን ሞቶ የቀረ፣ ባልቴት። ወንድሞቿ ጎንደር ነበሩ። ከአዲሶቹ መጪዎች መካከል የመንደራችን ሰዎች ነበሩና ታናሽ ወንድሟ መሞቱን ለእኛ ለወንዶቹ በሹክሹክታ ነገሩን። እሷ አላወቀችም። ሴት ልጇ ደግሞ እዚያው እሷ ዘንድ ሆና መውለጃዋ ደርሷል። በደረሰች ሴት ቤት መርዶ አይገባም። ከቄሳችን ጋር ተመካክረን፣ ልጅቱ እስክትገላገል ይቆይ አልን። ነጋሪው እኔ እንድሆን ተወሰነ፤ ከሁሉም በቅርብ የማውቃት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ መሄድ አቃተኝ። ስታየኝ «ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?» ትለኛለች። ጉንፋን ይዞኝ ነው እላለሁ። በሥራዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ እነሣለሁ፣ እነሣና የተዘጋውን በር እንደገና እዘጋለሁ። ከሥራ ስወጣ ቤት ከመግባት ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ፤ ነፋሱ ሲገፋኝ እመለሳለሁ። በሌላ ከተማ አንድ ሰው የእናቱን ሞት ከአንድ ቢሮ በስልክ ተነግሮት፣ ስልኩን እንደያዘ ወድቋል ሲባል ሰምተናል። እሷም እንዲህ እንዳትሰማው ነበር ፍርሃቴ። አንድ ሞኝ አፍ ይበቃል።

ልጄ አንድ ቀን «ነገ ፊት ለፊት እትዬ ቤት ነው የምንሄደው» አለችኝ።

«እሷ ትቅር።»

«ለምን? ራሷ ናት ነይ ጠይቂኝ ያለችኝ።»

ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም፤ ወጣት ናት፣ ፊቷ ያሳብቅባታል ብዬ። ተከትያት ሄድኩ።

ሴትዮዋ ደስ ብሏት ተቀበለችን። እንደሌሎቹም ተመስገን ብቻ አላለችም፤ እግሬን ይቆረጥመኛል፣ ልጄ ስትወልድ ብቻዋን እንዳትሆን እሰጋለሁ እያለች መለሰች። ልጄ ደስ ብሏት ትጽፋለች። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችና፣ «ከመጡ ወዲህ ከቅርብ ዘመድዎ የሞተ…» ብላ ጀመረች።

«በቃ!» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ደክሟታል፣ ተያት!»

«ማን ነው የደከመው?» አለች ሴትዮዋ። «አባትሽን ተዪውና ጠይቂኝ።»

ልጄ አየችኝ። እንዳየችኝ ገባት። ጣቷን ከዚያ መስመር አንሥታ፣ «የምግብ ፍላጎትዎስ እንዴት ነው?» አለች። ሴትዮዋ ግን እኔን ነበር የምታየው።

ደረጃው ሥር እንደወረድን ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «ማን ነው የሞተው?» ነገርኳት። «ስንት ጊዜ ሆነው?» ነገርኳት።

«አባባ፣ የራሷ ወንድም እኮ ነው! ማወቅ መብቷ ነው!»

«ከወረቀትሽ ላይ ትወቀው?»

«አላልኩም። ግን የምትጠብቁት ለእሷ ብላችሁ ነው ወይስ እናንተ ፈርታችሁ?»

«ዝም በይ!» አልኳት። ነገሩ ግን እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባ፤ እስከ ባሕሩ ስሄድም ስመለስም ቆረቆረኝ።

የሴትዮዋ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከሆስፒታል ወጥታ የባሏ ወላጆች ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ሰበብ አልቀረንም። ጎህ ሲቀድ ከሕንፃው ሥር ተሰበሰብን፤ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች። ልጄን ነይ አላልኳትም፤ ራሷ መጣች፣ ባዶ እጇን።

አንኳኳሁ። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ እኔን አየች፣ ከኋላዬ ደረጃውን የሞላውን ሰው አየች። ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ሳልጀምረው፣

«የትኛው ነው?» አለች።

«ታናሽየው።»

ሴቶቹ ሳትወድቅ ደረሱላት። ለቅሶው ሕንፃውን አነቃው። ከላይ የምትኖር ከሩሲያ የመጣች ሴት እሳት የተነሣ መስሏት በሌሊት ልብሷ ወረደች፤ ነገሩን ስታይ ተመልሳ ወጣችና ወንበሮቿን አንድ በአንድ አወረደችልን።

ቀን ላይ ለቅሶው ጋብ ሲል ሴትዮዋ ጠራችኝ። «መቼ ነው የሰማኸው?» አለች። አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። አዲሶቹ እንደመጡ ነው አልኳት። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ጉንፋን ነው ያልከኝ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ልጄ እግሯ ሥር ተቀምጣ እጇን ይዛ ነበር። አንድም ነገር አልጠየቀቻትም።

ሐዘኑ ካለፈ ከወራት በኋላ ልጄ መምህሯን አስፈቀደች። የራሷ ጥናት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሆነ። ለሰዎቻችን ስትነግር ሁሉም ተመስገን ብለው ሸሿት። አንድ ቀን ግን ሴትዮዋ ከበረንዳዋ ሆና ጠራቻት። «ነይ፣ ወረቀትሽንም አምጪ። አባትሽ ግን ውጭ ይሁን።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም። ተነሣሁ፣ ወረድኩ፣ ወጣሁ። አንዴ ሴትዮዋ ጮክ ብላ ተናገረች። ልጄ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አለችሽ?»

«አልነግርህም፣ አባባ።»

«ስለ እኔ አላነሣችም? ጥፋት ነው አለች ወይስ ደግ አደረጉ አለች? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

«የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው። የትምህርቱ ሕግ ነው።»

«አባትሽ እኮ ነኝ!»

«ለአባትም ያው ነው» አለችና ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ደረጃው ላይ ቀረሁ። በሩ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ወጥታ አየችኝ፣ እንደ ድሮው ይግቡ አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም። እኔም አልሄድኩም።