ሁለተኛው ደብተር

ልጅ ሳለሁ ትምህርት የሚለካው በሸሚዝ ይመስለኝ ነበር። ጂኦግራፊ ስድስት ሸሚዝ ነው። ኬሚስትሪ አራት ሸሚዝና አንድ ሱሪ። ፍልስፍና ግን አንድ ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ ኡስታዝ ዑመር ካውያውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ስለሚያስቡ።

ያኔ ዓደን ውስጥ፣ ሼኽ ዑስማን፣ ቃሂራ የሚባለው ሰፈር፣ ሰባት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። የመናዊው አባቴ ሰሜንና ደቡብ የመን አንድ ከሆኑ በኋላ እናቴንና እኔን ከኮምቦልቻ ይዞን ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ኡስታዝ ዑመር የደሴ ሰው ናቸው፤ በግቢው በር ላይ ያለችውን ክፍል ይዘው የሰው ልብስ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ። የዓደን ሰው እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ዶቢ ይለዋል። ኡስታዝ፣ መምህር፣ የምንላቸው እኛ የግቢው አራት ልጆች ብቻ ነበርን።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ መብራት ሲሄድ ፋኖሳቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅሉና የከሰል ካውያውን ክዳን ይከፍታሉ። ያኔ መብራት የሄደበትን ሳይሆን ያልሄደበትን ምሽት መቁጠር ይቀል ነበር። ፍሙ ላይ እፍ ሲሉ ፊታቸው ይቀላል፤ አመዱ ተነሥቶ ቅንድባቸው ላይ ያርፋል፤ የከሰሉ ጭስና የሞቀ ጥጥ ሽታ ክፍሏን ሞልቶ ወደ እኛ ወደ ደጃፉ ይወጣል። ከዚያ «ዛሬ ከየትኛው?» ይላሉ። ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ በእርጥበት ያበጠ አንድ ደብተር ነበራቸው፤ ወጣት ሆነው አዲስ አበባ ኮሌጅ ሲገቡ የጻፉበት ነው። ገጹን ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠና ስድስት። የትምህርቱ ዓይነት ዘጠኝ። ገልጠው ግን አያነቡትም። በቃላቸው ያውቁታል፤ የሚነግሩንም ተረት አድርገው ነበር።

ከሁሉም የምወደው የባዮሎጂውን ነበር። እሳት አንድ ቀን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ወደተሰበሰቡበት ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ። ዛፍ፣ ዓሣና ሰው ውስጥ ተቀምጠዋል። «እኔም ሕይወት አለኝ፣ አስገቡኝ» አለ። «ትበላለህ?» አሉት። «እንጨት እበላለሁ።» «ታድጋለህ?» «ነፋስ ሲመጣ እዩኝ።» «ትተነፍሳለህ?» «አየር ከከለከላችሁኝ እሞታለሁ።» «ትወልዳለህስ?» «ከአንድ ፍም አንድ ሰፈር ሙሉ!» ሦስቱ ተያዩ፣ ተማከሩ፤ ነገር ግን አላስገቡትም።

«ለምን?» እንላለን አራታችንም።

ኡስታዝ የካውያውን ክዳን ይዘጉታል። «እሱ ሁለተኛው ደብተር ላይ ነው።»

ሁሉም እንዲህ ነበር የሚያልቀው። በኢኮኖሚክሱ ፍላጎቱ የማያልቅ፣ ጆንያው ግን የሚያልቅ ነጋዴ ነበረ፤ መጨረሻው ሁለተኛው ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ የት እንዳለ ስንጠይቃቸው «ደሴ፣ እኅቴ ዘንድ፤ ይመጣል ኢንሻአላህ» ይላሉ።

በዚያው ዓመት የእኔ ጉዳይ ተቆረጠ። ከኮምቦልቻ የትምህርት ማስረጃ ይዤ ስላልመጣሁ፣ ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ክፍል ለመግባት ፈተና ተፈተኚ አለኝ። አባቴም ነገሩን አላስረዘመም። «ካለፈች ትማር። ካላለፈች ብሬቃ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ዓሣ ታጽዳ።» አክስቴ በሄድን ቁጥር እጇን በሎሚ ታሽ ነበር፤ ሽታው ግን አይለቃትም። መጽሐፍ አልነበረኝም። የነበሩኝ ኡስታዝ ናቸው። አርባ አንድ ምሽት፣ ቃላቱን በዐረብኛ እየደገሙልኝ፣ ዘጠኙንም ከራስ እስከ እግር አጠናሁ፤ ደብተሩ የሚያልቅበት የትምህርቱም እግር መስሎኝ።

ፈተናው ስድስት ትምህርት ነበር፤ በእያንዳንዱ አምስት ጥያቄ። የመጀመሪያውን ሳየው እጄ ብቻውን ጻፈ። ሁለተኛውን ሳየው ቆመ። በሁሉም እንዲሁ ሆነ። ሠላሳ ጥያቄ፣ ስድስት መልስ።

ሙዲራዋ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ወፍራም መነጽር ያላት ሴት ነበረች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የስድስቱንም በር አንኳኩተሽ ከአንዱም ሳትገቢ ተመለስሽ። የቀረውስ?»

«የቀረው ሁለተኛው ደብተር ላይ ነው» አልኳት።

መነጽሯን እስክታወልቅ ድረስ ሳቀች። ዓይኔን ስታይ ሳቋን አቆመች። እርሳሷን አነሣችና ወረቀቱ ጥግ ላይ «አራተኛ ክፍል» ብላ ጻፈች። ከብሬቃ ተረፍኩ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ግን ከዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር ልቀመጥ ነው።

በዚያ ምሽት ከሌሎቹ ልጆች ቀድሜ ሄድኩ።

«ሁለተኛው ደብተር የታለ?»

«ደሴ...»

«ይዋሻሉ!» አልኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ፍሙን በጉጠት አገላበጡ። «ሁለተኛ ደብተር የለም» አሉ። «ኮሌጅ የቆየሁት አምስት ሳምንት ነው። በአምስት ሳምንት ሁሉም መምህር መግቢያውን ብቻ ነው የሚሰጥ። ከዚያ አባቴ ሞቱ፤ ስድስት ታናናሾች ነበሩኝ። እሳቱ ለምን እንዳልገባ እኔም አላውቅም። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት በየቀኑ ክዳኑን ከፍቼ አየዋለሁ።» ካውያውን አንሥተው የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ተኮሱ። ቆይተውም «በሩ ለአንቺ ተከፍቶልሻል አይደል? ስትገቢ ጠይቂልኝ» አሉ።

አሥራ ሁለት ምሽት ደጃፋቸው አልሄድኩም። በአሥራ ሦስተኛው ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ መጣ፤ የነጋዴው ጆንያ ባዶ ሆነ፣ ልጆቹም «ለምን?» አሉ። ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ለማንም አልተናገርኩባቸውም።

አራተኛ ክፍል የኋላው ወንበር ጉልበቴን አያስገባም ነበር። ትንንሾቹ «ኻለቲ» ይሉኛል፣ አክስቴ ማለታቸው ነው፤ «ኻለቲ፣ ልጆችሽን ማን ዘንድ ትተሽ መጣሽ?» እያሉ ይሥቁብኛል። ቻልኩት። ማታ ማታ የተማርኩትን ለኡስታዝ አወራላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይተኩሳሉ፣ እያሳሉ ያዳምጣሉ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ ቆየን።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አንድ ቀን መምህሯ የሳይንሱን ምዕራፍ ከፈተች። ስትጨርስ ከትምህርት ቤት እስከ ግቢያችን ሮጥኩ።

«ኡስታዝ! ሴል የለውም!»

«ማን?»

«እሳት! ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሴል የተሠራ ነው። ዛፉም፣ ዓሣውም፣ ሰውዬውም። እሳት የለውም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

በሩን አልፈው አንድ የሩቅ ነገር ያዩ ይመስሉ ነበር። «አይ ምስኪን» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ጡብ ሳይኖረው ነው ለካ ቤት ነኝ ሲል የኖረው።» ያን ጊዜ የተቃጠለ ጥጥ ሸተተን። ካውያው በነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። እኔ በማውቃቸው ዘመን ያቃጠሉት ልብስ እሱ ብቻ ነው።

ያን ምሽት ተረቱን ለልጆቹ እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። ሲጨርሱ ትንሹ ልጅ እጁን አወጣ። «እሺ፣ ሴሉስ ከምን ተሠራ?» ኡስታዝ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ምዕራፉን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የተማርኩት።

«እሱ ሁለተኛው ደብተር ላይ ነው» አልኩ። ኡስታዝ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ።

ትምህርቱንም ቢሆን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩት። እናቴ ታመመች፤ መርፌ ያዝኩ። ዛሬ ዳር ሰዓድ መንገድ ዳር አራት የስፌት መኪና አለኝ፤ የተማሪ ሸሚዝ እንሰፋለን፤ ጠጉሬም ሸብቷል። ከአንድ መኪና ወደ አራት የደረስኩት ሁሉንም ነገር ቆጥሬ ነው፤ ቁልፉን፣ ክሩን፣ መብራት የሚቆይበትን ሰዓት። ይደክመኛል። ከዘጠኙ ትምህርት ስንቱን ዳር አደረስኩ ብዬ ራሴን ስጠይቅ አንድም ጣት ማጠፍ አይጠበቅብኝም።

ኡስታዝን የደረት ሕመም ወሰዳቸው። ያን ሸሚዝ ባለቤቱ አልቀበልም ስላለ እሳቸው ናቸው ለብሰው የጨረሱት። አሁን አሁን ሥራ ሰልችቶኝ መኪናውን ሳቆም፣ ውኃ ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ጀርባቸው ላይ የነበረው ያ ቡናማ የካውያ ምልክት፣ ጫፉ ወደ ላይ የሾለው፣ ይታየኛል። ሸሚዙን ልጣፈው ብያቸው ነበር። «ተይው፣ መልስ ያገኘሁበት ነው» አሉኝ።