ግጭት ያልተገኘለት የቤት ሥራ

የጠመኔ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ያ የውጫሌው ክፍላችን ይመጣብኛል። የከሰዓት ፀሐይ ዴስካችን ላይ ተዘርግቶ፣ ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ እየተሰማ፣ ሰሌዳው ላይ የመምህራችን ትልልቅ ጽሑፍ፦ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት። ትርጓሜያቸውን ሸምድጄ እንደ በቀቀን እደግማለሁ። ገብቶኝ ነበር ብልህ ግን ውሸት ነው።

የአማርኛ መምህራችን ከቤታችን አንድ እውነተኛ ታሪክ ጽፈን የልቦለድ አላባውያንን ከውስጡ እንድናወጣ አዘዘን። እኔ ምን ቸገረኝ። ታላቅ እህቴ በዚያው ሳምንት አረብ አገር ልትሄድ ነበር፤ የጎረቤት ሽማግሎችም ቤታችን ተሰብስበው ዱዓ አድርገውላታል። "በሰላም ሄደሽ በሰላም ግቢ" ሲሏት ቤቱ ሙሉ አሚን ሲል ጣሪያው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁሉንም ጻፍኩት።

መምህሩ አነበበና፣ "ጥሩ ነው፤ ግጭት ግን የለውም" አለኝ። "ማን ምን ፈለገ? ማን ከለከለው? ጠይቀሽ ነይ።"

ግራ ገባኝ። እኛ ቤት የተጣላ ሰው የለም። እቤት ስገባ እህቴ ልብሷን እያጣጠፈች አዲስ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ ክፍሉ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል።

"አንች ግን ምንድን ነበር የምትፈልጊው?" አልኳት፣ ለቤት ሥራዬ ብዬ።

እጇ ላይ ያለውን ሻርፕ አጥፋ ሳትጨርስ ቆመች። "መቅረት" አለች። ቀጥላም፣ "እማ ደስ ብሏት የለ? አባታችን ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ መች አየን? እንዳትነግሪያት።"

ነገርኳት። እናቴ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና ሳትል፣ "እኔስ እንድትሄድብኝ መች ወደድኩ?" አለችኝ። "እሷ ስትጓጓ ባይ ነው እንጅ።"

"ታዲያ ትቅራ።"

"ዱዓ ተደርጎላት? ያ ሁሉ ሽማግሌ አሚን ብሎላት? በተመረቀ መንገድ ወደ ኋላ አይባልም ልጄ። አደራሽን፣ ሆዷን እንዳታባቢብኝ።"

ወደ እህቴ ሮጬ ተመለስኩ። "እማም አትፈልግም" አልኳት። ሻርፑን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

"አሁን ምን ይባላል?" አለች። "ሽማግሌውን ዱዓችሁን መልሱ ይባላል?" ሻንጣውን ዘጋችው። ነገሩ እንዲያው ሆድ ይፍጀው ሆኖ ቀረ።

በሁለቱም ተናደድኩ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ታዲያ የከለከላቸው ማን ነው? ሽማግሎቹ እንደሆነ የመረቋት ወደዋት ነው። በቤት ሥራው ላይ "ግጭት" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ተውኩት። ዛሬ እኔም ይህንኑ ትምህርት አስተምራለሁ፤ እህቴ ግን ዛሬም እዚያው አረብ አገር ናት። ተማሪዎቼ ግጭት ምንድን ነው ሲሉኝ መጽሐፉ የሚለውን እነግራቸዋለሁ እንጂ የእኛ ቤቱን እስካሁን አልፈታሁትም።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። የናፍጣ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ረዳቱ ይጮኻል። እህቴ በመስኮቱ ፈገግ አለችልን፤ እናቴም ፈገግ አለች። የማለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ በሻሿ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች፣ "ምን ያስለቅስሻል፣ ወዳ እኮ ነው የምትሄደው" አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እህቴ እንድትሰማው።