እናቴ ያየችው ደም ሥር

እናቴ አራስ በማረስ በመካነ ሰላም አቻ የላትም። ይህን የምለው ልጇ ስለሆንኩ አይደለም፤ እሺ፣ ልጇ ስለሆንኩም ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ቅቤዋን በቅል ይዛ ከገጠር መጣች። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ የበግ መረቁን እያከታተለች ወራት ቀለበችኝ። እኔም አላሳፈርኳትም። ጉንጬ ሞላ፣ ቀሚሶቼ አልገባ አሉ፣ ጥልፍ የምጠልፍበት ወንበር እንኳ ጠበበኝ። ጎን ያለው ሱቅ ባለቤት፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ ብቅ እያሉ «ማሻ አላህ! አራስ ማለት እንዲህ ነው» ሲሉ እናቴ ወደ ጓዳ ዞራ ትስቃለች። በእኛ አገር የአራስ ውፍረት የእናቷ ሜዳልያ ነው፤ እኔ ደግሞ ከባድ ሜዳልያ ነበርኩ።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ጆሮዬ ውስጥ ልብ የሚመታ ይመስለኛል። ልጄን ከአልጋ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ደግሞ ዓይኔ ድርግም ይልና ወዲያው ይመለሳል። እናቴ ጥርጣሬ አልነበራትም። «ብርድ ነው ያገኘሽ። አራስ ሆነሽ በር ላይ ትቆሚያለሽ!» አለችኝ። አናቴ ላይ ቅቤ ጨመረች፤ ገንፎው ላይም ጨመረች። እኔም ብርድ መስሎኝ በላሁ።

አንድ ቀን የጀመርኩት ጥልፍ መስመሩ ሁለት ሆነብኝ። ቀና ብዬ ልጄን ሳያት ፊቷ ጭጋግ ውስጥ ነበር። ያኔ ፈራሁ። ጥልፉ ይቅር፤ የልጄን ፊት ግን ለብርድም ለማንም አልሰጥም አልኩ።

በማግስቱ በአቀስታ ከተማ በኩል አድርገን ደሴ ገባን። የዓይን ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ ብሌኔን ካሰፋ በኋላ ስልኩ ላይ ሌንስ ገጥሞ ወደ ውስጥ አበራ። የቀረጸውን አሳየን፦ ብርቱካናማ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ ያበጠ ክብ፣ ከክቡ የሚወጡ የተነፋፉ ጠመዝማዛ ደም ሥሮች።

«ራስ ቅሏ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ ጨምሯል» አለ። «ግፊቱ የዓይኗን ነርቭ ይጫነዋል፤ ከዓይን ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም መውጫው ይጠብበታል። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይቺ ደም መላሽ ሥር ስትመታ ትታያለች። የእሷ ቆማለች።»

«ትታወራለች?» አለች እናቴ።

«ካልታከመች ሊሆን ይችላል።»

የጭንቅላት ምስል ተነስቼ ዕጢም የረጋ ደምም እንደሌለ ታወቀ። ቀጥሎ ግፊቱ እንዲለካ ከወገቤ ፈሳሽ በመርፌ መቀዳት ነበረበት። የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል ሲባል ነው ያደግነው፤ አጎቴ በስልክ «እንዳታስወጊያት!» ብለው ጮሁ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ሐኪሙን ፊት ለፊት አየችው።

«ልጅህ ብትሆን ታስወጋታለህ?»

«አዎ እናቴ፤ ዛሬውኑ።»

«እንግዲያው ትወጋ።» በጎኔ አስተኝተው ጉልበቴን ወደ ሆዴ ሲያጥፉኝ የያዘችኝ እሷ ናት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለች መርፌው እስኪወጣ አልለቀቀችኝም።

ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጣቴን የሚነዝር፣ የለስላሳን ጣዕም የሚያጠፋ ክኒን ታዘዘልኝ። ከዚያ ሐኪሙ ከመርፌው የባሰውን ተናገረ፤ «መክሳት አለብሽ። ክብደትሽ ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል።» ስለ መርፌው ስትሰማ ያልተለወጠው የእናቴ ፊት አሁን ጠቆረ። ልጇን አሳምራ ያወፈረች ሴት በራሷ እጅ አክሺያት ተባለች።

ቤት እንደገባን የተረፈውን ቅቤ ለጎረቤት ሰጠች። ጎመንና ምስር ሆነ ምግባችን። ጠዋት ጠዋት ልጄን አዝላ ከፊቴ ትቀድምና ዳገቱን ታስወጣኛለች፤ እኔ አለከልካለሁ፣ እሷ ታወራለች። ሰውም ዝም አላለም። «ቤታቸው ተቸገረ እንዴ?» ተባለ። «እናቷ ጨከነችባት» ተባለ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋለች፤ ሆዷ ግን እንደቆሰለ አውቃለሁ። ለእሷ ልጅሽ ከሳች መባል ስድብ ነው። ያንን ስድብ ለዓይኔ ብላ ተሸከመችው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ በማንም እናት ቀንቼ አላውቅም።

ከወራት በኋላ ለክትትል ተመለስን። ሐኪሙ በዚያው ስልክ ዓይኔን ሲያይ ቆየና «እናቴ፣ ይምጡ እስቲ» አለ። እብጠቱ ጎድሏል፤ የክቡ ጠርዝ ጠርቷል። በጣቱ ወደጠቆመው ቦታ እናቴ አጎነበሰች። አንዲት ቀጭን ሥር ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ትላለች።

«ወላሂ፣ ትመታለች!» ብላ ጮኸች። በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ።

መካነ ሰላም መናኸሪያ ስንወርድ ባለሱቋ ጎረቤታችን አገኙን። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ያ ሁሉ ሥጋ የት ሄደ? ምነው ልጅሽን እንዲህ ጣልሻት?» አሏት።

እናቴ ልጄን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት አቆመቻትና ነጠላዋን አስተካከለች። «አንቺ ያየሽው ውፍረቷን ነው» አለች። «እኔ ዓይኗ ውስጥ ደሟ ሲመታ አይቻለሁ። እስቲ ሌላ ያየች እናት ጥሪልኝ!»

እኔም ጎንበስ ብዬ ልጄን አነሳሁና ቀና አልኩ። ምንም አልጨለመም።