የጨጓራ ባክቴሪያው ቅባት

ላቦራቶሪው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ቴክኒሺያን ባልደረቦቿ «ያልጠረጠረ» ይሏታል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ከአፏ አይጠፋምና። ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ብልቃጥ ንጹሕ ነው ብላ ተቀብላ የዓመት ልፋቷን ውሃ በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ራሷ ያጠበችውን ብርጭቆ እንኳ ወደ መስኮቱ አንስታ ሳታይ አትጠቀምበትም።

ሥራዋ ቅባት ማውጣት ነው። ጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ላዩን ቅባት ይሸፍነዋል፣ ከቅባቱ ላይ ደግሞ የስኳር ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። እሷ ቅባቱን ለይታ በአሲድ ትሰባብረዋለች፤ ከምንና ከምን እንደተሠራ ማሽኑ ይነግራታል። ባክቴሪያውን ከበሽተኞች ጨጓራ ከተወሰደ ቁራጭ አሳድገው የሚሰጧት ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራቸው አዛውንት ናቸው። እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው፣ ሽበቷን በቀለም የምትሸፍነዋን ሴት፣ «ልጄ» ይሏታል።

አንድ ማክሰኞ የማሽኑን ወረቀት ስታነብ ግራ ገባት። ቅባቱ ደህና ነው፤ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያሉት ስኳሮች አሰላለፍ ግን በሰው ጨጓራ ሽፋን ላይ የሚገኘው ራሱ ነው፣ አንድ ሳይጎድል።

«ይሄ የሰው ነው» አለች ለራሷ። «ጋሼ ከበሽተኛው ሥጋ ጋር ደባልቀው ሰጥተውኛል።»

ነገር አንዴ ሆድ ከገባ አይወጣም። ትከታተላቸው ጀመር። ድሮ ክፍት የሚተዉትን፣ ባክቴሪያው እየሞቀ የሚያድግበትን ኢንኩቤተር አሁን ይቆልፉታል። ስትገባ ባክቴሪያውን የሚያሳድጉባቸውን ሳህኖች ሰብስበው ጀርባቸውን ይሰጧታል። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ በስልክ ሲያንሾካሹኩ፣ «እስክወጣ ድረስ ማንም እንዳያውቅ» ሲሉ በጆሮዋ ሰማች።

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ሽንኩርት እየላጠች ሳቀች። «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ።»

«ሳቂ፣ ሳቂ! ጉዱን ታያለሽ።»

ጠዋት በቀጥታ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። «ዶክተር፣ ናሙናው ንጹሕ አይደለም። ጋሼ የሚደብቁት ነገር አለ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከባድ ነገር ነው የተናገርሽው።»

«እኔው ራሴ ላሳድገውና ይታያ።»

አምስት ሳምንት ፈጀባት። ከአንዲት ነጠላ ጠብታ መሳይ የባክቴሪያ ክምችት ተነሥታ፣ የሰው ነገር ያልነካው ምግብ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ አዛወረችው። የራሷን ቁልፍ ቆለፈችበት። ቅባቱን አወጣች፣ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ያው ነው። ደገመች። ያው! ወረቀቱን ይዛ ወደ ዶክተሯ ሄደች።

«ናሙናው ንጹሕ ነበር» አለች ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ። «ሰንሰለቱን የሚሠራው ባክቴሪያው ራሱ ነው፣ የእኛን አስመስሎ። የሰውነታችን ዘብ ሲያየው የቤት ሰው ይመስለዋል። ለዚህ ነው ስንት ዓመት ጨጓራ ውስጥ ተደላድሎ የሚኖረው።»

ቴክኒሺያኗ ግን የግኝቱ ደስታ አልታያትም። የጋሼ ፊት ነበር የሚታያት።

ክፍላቸው ስትገባ አፍንጫቸው ሳህኑን ሊነካ ጎንበስ ብለው፣ በእጃቸው ማጉያ መስታወት ይዘዋል። ያን ቀን አልደበቁትም።

«የሚደብቀው ነገር አለ ብለሽኛል አሉ። ልክ ነሽ። ዓይኔ ደክሟል። ከታወቀ የቀረችኝን ጥቂት ወር ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚወረውሩኝ። ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኳት።» ሳህኑን ገፉላት። «ይሄ ባክቴሪያ ሲያድግ እንደ ውሃ ጠብታ ነው፣ አይታየኝም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ በቀለም እፈትነዋለሁ። ቢጫው ወደ ሮዝ ሲለወጥ እሱ አይጠፋኝም።»

ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየች። አንድም ባዕድ ነገር አልነበረባቸውም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

ማጉያ መስታወቱን አስቀመጡ። «መጠርጠርሽ አይደለም ያንገበገበኝ» አሉ። «እኔን ሳትጠይቂ አለቃ ዘንድ መሄድሽ ነው።» ይቅር ብያለሁ አላሉም።

ስለ ዓይናቸው ለዶክተሯ ትንፍሽ አላለችም። ከሰኞ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እየገባች በየሳህኑ ላይ የተጻፈውን ታነብላቸው ጀመር። እሳቸውም በተራቸው አያምኗትም።

«ድገሚው» ይላሉ።

ትደግመዋለች።