ሰማያዊው ክርና ዳኘው

በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ዳኘው የቤተ እስራኤልን የንጽሕና ሕግ ያልጣለ ሰው ነው። ወደ እስራኤል ሲመጣ በሱዳን መጠለያ ውሃ ለጉሮሮ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ርኩስ የነካ እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ አያደርስም ነበር። በአሽዶድ ወደብ ጭነት ሲያራግፍ በኖረበት ዘመንም አልተለወጠም።

ባለፈው በጋ ኦሪያን የሚባለው የልጅ ልጁ ሊያገባ ሆነና ለሠርጉ የሚለብሰውን የጸሎት ኩታ ይዞ መጣ። በጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር አለ። ቀለሙ ከባሕር ቀንድ አውጣ የወጣ መሆኑን ሲነግረው ዳኘው እጁን ሰበሰበ።

«ከሚሳብ ፍጥረት! ይህን ለብሰህማ አልመርቅህም።»

«አባባ፣ ኦሪት ያዘዘው ቀለም እኮ ነው!»

«ኦሪትን ለእኔ ልታስተምር?»

የኦሪያን ዓይን እንባ ሞላ። አባቱ ሞቷል፤ እጁን ጭኖ የሚመርቀው ከአያቱ ሌላ የለውም።

እዚያው ተቀምጬ ነበርና እኔ ገባሁበት። «ዳኘው፣ ሳያዩ መፍረድ ከመቼ ወዲህ ነው የሽማግሌ ወግ የሆነው?»

«እሺ፣ አሳዩኛ!» አለ ተቆጥቶ።

ኦሪያን ክሩን ወደ ነከረው ሰው ወሰደን፤ ኦዴድ ይባላል፣ አድ ሃሎም ከሚባለው ድልድይ አጠገብ ትንሽ የሥራ ቤት አለው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ድንጋይ የሚመስሉ ቀንድ አውጣዎች አሳየን። አንዷ ሌላ ዛጎል ላይ ተጣብቃለች። አዳኝ ናት አለን፤ እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሷ ዛጎሉን ቀኑን ሙሉ ፍቃ ትበሳና ውስጡ ያለውን ትበላለች። ዘመዶቿም በየባሕሩ እንዲሁ ያድናሉ። አንድ የተበሳ ዛጎል ሰጠን። ቀዳዳው በወስፌ የተወጋ ይመስላል።

«አጥንት እንኳ የላት!» አለ ዳኘው በቀስታ።

ኦዴድ ከቀለሙ ማሰሮ ነጭ ሱፍ ነክሮ አወጣ። ሲወጣ ቢጫ ነበር። ነፋስ ሲያገኘው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ ዓይናችን እያየ፣ እንደ ጥቅምት ጠዋት ሰማይ ጠራ። ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

«ከዚችው?» አለ ዳኘው።

«ከዚችው» አለ ኦዴድ።

«እግዚአብሔር ሰማዩን የት ደበቀው!»

እጁን ዘርግቶ እርጥቡን ሱፍ ያዘ። ጣቶቹ ሰማያዊ ሆኑ።

ከዚያ ባሕር ወረድንና ዳኘው ርኩስ ነክቷልና እንደ ሕጉ ከነልብሱ ገብቶ ታጠበ።

«ንጹሕ ነው አላልሁም» አለኝ ውሃ እያንጠባጠበ። «ግን እንዲህ ያለውን በሠራ ጌታ ፊት እኔ ምን አፍ አለኝ?»

የሠርጉ ዕለት ኩታውን ራሱ ለኦሪያን አለበሰው። እጁን ከጫነ በኋላ ግን ቃል ጠፋው፤ እሱ ምርቃት የማያልቅበት ሰው!

«ከማይታሰብበት በጎ ያምጣልህ» አለ በመጨረሻ።

«አሜን» አልን፤ ኦሪያን ግን ከለቅሶ ብዛት አሜን ማለት አልቻለም።