ጉንዳኖቹ የበረሩ ዕለት

ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ድንገት ስትወጣ ከመሬት የሚነሳ አንድ ሽታ አለ፤ እርጥብ አፈርና የሞቀ ሣር የተቀላቀለበት። ሰሞኑን አሰላ ውስጥ ይኸው ሽታ መንገድ ላይ አቆመኝ፤ ከኋላዬ የመጣው ባጃጅ ጡሩንባውን እስኪነፋብኝ ድረስ። ሐሳቤ የት እንደሄደ ልንገርህ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የምኖረው ከእናቴና ከእናቴ አባት ጋር ነው። እናቴ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዳ፣ ሳትጨርስ እኔን በሆዷ ይዛ ተመለሰች። ከስሜ ቀጥሎ የሚጠራው የአያቴ ስም ነው፤ ይህን ክፍላችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ስለ አባቴ ቤት ውስጥ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ እንዳታለቅስ እፈራ ነበር።

የዚያን ዕለት ዝናቡ ሲያባራ የሳይንስ አስተማሪያችን "ደብተራችሁን ተዉትና ኑ" ብላ ወደ ግቢው አወጣችን። አጥሩ ሥር፣ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ፣ መሬቱ የሚፈላ ይመስል ነበር። ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች ከስንጥቁ እየተጋፉ ይወጣሉ፤ ክንፍ አልባዎቹ ሠራተኞች ዙሪያቸውን ይራወጣሉ። ክንፋሞቹ የሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ትንሽ ይንቀጠቀጡና ይነሳሉ። ከጭላሎ ተራራ በላይ የተከመረው ደመና ገና ጥቁር ነበር፤ ከእሱ ፊት አየሩ ሁሉ በሚያብረቀርቅ ክንፍ ተሞላ። ያ ሁሉ ተንጫጪ ልጅ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ።

"ሰርጋቸው ነው" አለች አስተማሪያችን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ንግሥቲቱ ለሰርጓ አንዴ ብቻ እንደምትበር ነገረችን። ከወንዶቹ ጋር ተገናኝታ ዘራቸውን በሆዷ ይዛ ትወርዳለች፤ እነሱ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። እሷ መሬት ስታርፍ ክንፎቿን ራሷ ገንጥላ ትጥልና ብቻዋን ጉድጓድ ቆፍራ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የምትወልደው በዚያች ቀን በያዘችው ዘር ነው።

"ከዘሩ የሚወለዱት ግን ሴቶቹ ብቻ ናቸው" አለች ቀጥላ። "ወንዶቹ ዘር ካልነካው እንቁላል ነው የሚፈለፈሉት። አባት የላቸውም።"

ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። አስተማሪያችን ለትምህርት ቤቱ አዲስ ነበረች፤ የእኔን ነገር አታውቅም። ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል፣ "የሚገርመው፣ አባት ባይኖራቸውም አያት አላቸው። እናታቸው አባት አላትና" አለች።

ሳቁ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ አባት የሌለው ወንድ፣ ያለ አንዳች እፍረት፣ ብርሃኑ ውስጥ ይበር ነበር።

ቤት በሩጫ ደረስኩ። አያቴ ከዝናቡ ያሸሹትን ገብስ መልሰው በረንዳው ላይ እያሰጡ ነበር። ትንፋሼ ሳይመለስ ሁሉንም አወራሁላቸው። "አባት የላቸውም" ስል እጃቸው ገብሱ ላይ ቆመ። ስለ አባቴ የምጠይቅበትን ቀን ሲፈሩት እንደኖሩ የገባኝ እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።

"አያት ግን አላቸው፣ አባባ" አልኳቸው።

"እንዲህ ነው ያለችው?"

"አዎ፣ እንዲህ ነው ያለችው።"

"ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው። በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "ና ኢልማኮ፣ ና ልጄ፣ ለእናትህም ንገራት" ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

እናቴ ልብስ እያጣጠፈች አዳመጠችኝ። ስለ ወንዶቹ ስነግራት ማጣጠፏን ቀጠለች። ንግሥቲቱ ክንፎቿን ገንጥላ እንደምትጥል ስነግራት ግን ቀና አለች።

"አያማትም?" አለችኝ።

ይህን አስተማሪያችንን ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር። ወደ አያቴ ዞር ስል እሳቸው እናቴን እያዩ ነበር። የተጣጠፈውን ልብስ ገፋ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ከዚያም፣ ሲያደርጉት አይቼ ባላውቅም፣ ጭንቅላቷን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

"አባባ" አለች እናቴ።